ባቡሩ ጋ ናት

መኪና የማይገባበትን መንገድ ለልጄ የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ጠይቄ፣ ሄጄ አይቼ፣ ቁጭ ብዬ ጠብቄ ነው የመረጥኩት። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የሚመጣውን ስታነቡ «ይቺ ሴትዮ ልጇን ምን ብላ ለቀቀቻት?» እንዳትሉኝ ነው። ዝም ብዬ አልለቀቅኳትም።

አስካለ እባላለሁ። አቃቂ ተወልጄ፣ እዚያው ወልጄ፣ እዚያው የምኖር ሴት ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ አጻጻፌ ወዲያና ወዲህ ቢል ይቅር በሉኝ። ከገበያው ጫፍ፣ ከሽኩር ሱቅ በረንዳ ሥር ሽንኩርትና ድንች እቸረችራለሁ። ሽኩር የስልጤ ሰው ነው። ዝናብ ሲመጣ ዕቃዬን ወደ ሱቁ አስገብቶ፣ ሲያባራ «እትዬ አስካለ፣ ድንችሽ ኪራይ ይክፈለኝ» እያለ የሚቀልድ ጎረቤት ነው።

ባለቤቴ የፋብሪካ ዘበኛ ነበር፤ ሥራ የሚመላለሰው በብስክሌት ነው። አንድ ማለዳ ዋናው አስፋልት ላይ ገልባጭ መኪና ገጨው። ብስክሌቱን ሰዎች ወዲያው አምጥተው የግቢያችን ግድግዳ ላይ አስደገፉት። እሱን ያመጡልን በማግስቱ ነው። ያን ቀን ሙሉ ተደግፎ የቆመውን ብስክሌት እያየሁ «ይመጣል፣ ይመጣል» ስል ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ የመኪና ጥሩንባ ስሰማ ከመንገዱ ዳር እሸሻለሁ። አስፋልት ለመሻገር አብሮኝ የሚሻገር ሰው እስካገኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። የገበያው ልጆች «ለእትዬ አስካለ የራሷ ትራፊክ ፖሊስ ይመደብላት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። ብስክሌቱን ግን አልሸጥኩትም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ዓመታት ኖረ።

ከዚያ ግድግዳ ላይ ያነሳችው ልጄ ትዕግስት ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ዝገቱን ፈትጋ፣ ሰንሰለቱን አስቀይራ፣ ወፍራም ጎማ አስገብታበት አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ግቢው ውስጥ ስትዞርበት አገኘኋት።

«አስፋልት ላይ ካየሁሽ እናትሽ አይደለሁም» አልኳት።

«እሺ እማ፣ አየር ላይ ልንዳው?»

«አየር ላይም አውሮፕላን አለ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ግን አባቷ ሲነዳ ትከሻውን እንዴት ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? አታውቁም። እሷ እንደዚያው ታደርጋለች። ስለዚህ «ተይው» ማለት አቃተኝና፣ መኪና የሌለበት መንገድ ፍለጋ ገባሁ።

ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ በወንዙ ሸለቆ ዳር ዳር ወደ የረር ተራራ ግርጌ የሚወስድ ኮረኮንች አለ። ድሮ መኪና ይሄድበት ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። ከዚያ በኋላ መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ ሰውና አህያ ግን ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ እየረገጡ ይሻገራሉ። ማዶ ያለው ጠጠር መንገድ ሁሉ የእግረኛ፣ የአህያና ብስክሌታቸውን ተሸክመው የሚሻገሩ ልጆች ሆነ።

ሰው ነገረኝ ብዬ አላመንኩም። አንድ ቅዳሜ ጉሊቴን ትቼ ድልድዩ አፍ ላይ ድንጋይ አመቻችቼ ተቀመጥኩ። ጭድ የተሸከመች ሴትዮ ስታልፍ አየችኝ።

«ሰው ትጠብቂያለሽ?»

«የለም፣ መኪና ነው።»

«መኪና እኮ በዚህ አይመጣም።»

«አለመምጣቱን ነው የምጠብቀው።»

ራሷን እየነቀነቀች ሄደች። እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ አንድም መኪና አልመጣም። ማታ ቤት ገብቼ ትዕግስትን «እዚያ ንጂ» አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸልይ «አቦዬ፣ ያንን ድልድይ እንዳታሠራብኝ» ማለት ጀመርኩ። ከልቤ ነበር የምለው።

ማዶውን ተሻግሬ አይቼው አላውቅም። ስትመለስ ግን እጠይቃታለሁ። «ተራራው ሁልጊዜ ፊት ለፊትሽ ነው፤ ወንዙ በጎን ይከተልሻል። ከኋላሽ ጥሩንባ የሚነፋ የለም። እማ፣ የራስሽን ትንፋሽና ጠጠሩ ጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው የምትሰሚው» ትለኛለች። ይህን ስትነግረኝ የእኔም ትንፋሽ ይረጋጋ ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ።

የጥቅምት ቅዳሜ ነው። ትዕግስት በጠዋት ወጣች። ያን ቀን አብረዋት የሚነዱት ልጆች ሌላ ቦታ ውድድር ነበራቸውና ብቻዋን ነች። ረፋዱ ላይ ለአንዲት ደንበኛዬ ሽንኩርት እየመዘንኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሃሎ! የትዕግስት እናት ነሽ?» የሽማግሌ ድምፅ። ከኋላው ትልቅ ጩኸት አለ፤ ድምፁ ከዚያ ሥር ነው የሚወጣው።

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ልጅሽ ወድቃለች! ባቡሩ ጋ ናት! ቶሎ ሰው ይምጣ!»

«የቱ ባቡር? አባቴ፣ የቱ ባቡር?»

«ባቡሩ ጋ ናት እኮ!» አለና ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትላለች ሴትዮዋ። የትዕግስትን ደወልኩ፤ የእሷም ዝግ ነው። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ሽኩር የሱቁን ባንኮኒ ዘሎ ሲወጣ ብቻ ትዝ ይለኛል።

«ምንድነው? እትዬ አስካለ፣ ምን ሆንሽ?»

«ልጄን ባቡር…» አልኩ።

ሱቁን ሳይዘጋ፣ ያቺን ደንበኛዬን «እናቴ፣ አደራ ጠብቂልን» ብሏት እጄን ያዘ። ባጃጅ የቆመው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሮጬ ተሻገርኩ። ግራና ቀኝ አላየሁም። ማንንም አልጠበቅኩም። ሽኩር ኋላ ላይ «ሚኒባሱ ለጥቂት ነው የሳተሽ» ሲለኝ እንኳ አላስታወስኩትም።

«የትኛው ባቡር? የድሮው ወይስ አዲሱ?» አለ ባለ ባጃጁ።

እኔ እንጃ! የሚቀርበው የድሮው ጣቢያ ነውና መጀመሪያ ወደዚያ ሄድን። ሳር የበላው ሐዲድ፣ የተዘጋ መስኮት፣ በጥላው ሥር የተኛ ውሻ። ሰው የለም። ባቡር ካለፈበትም ስንት ዘመን ሆኖታል። ከዚያ ወደ አዲሱ ሐዲድ ዞርን። ሩቅ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ተጨናንቋል። ባጃጁ ውስጥ ሽኩር በስልኩ የሽማግሌውን ቁጥር ደጋግሞ ይሞክራል፤ እኔ አቦን እጠራለሁ።

ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመን። «እናት፣ በዚህ አይገባም።»

«ልጄ የት አለች? የት ነው ያስተኛችኋት?»

«የቷ ልጅ?»

«ባቡር የገጫት!»

ሰውየው ደነገጠ። በሬዲዮኑ ጠየቀ፤ መልሱን ሰማ። «እናት፣ ዛሬ በባቡር የተገጨ ሰው የለም። ፍየል እንኳ አልተነካም። ማነው የነገረሽ?»

ነገርኩት። አላባረረኝም፤ እግዜር ይስጠው። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። «የተናገረውን አንድም ሳታስቀሪ ድገሚልኝ።»

«ልጅሽ ወድቃለች፣ ባቡሩ ጋ ናት ነው ያለኝ። ባቡሩም ከኋላው ሲጮህ ሰምቻለሁ።»

«ይሄ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እንዴት ብሎ ነው የጮኸው?»

እንደዚያ ባለ ሰዓት እፍረት የለም። «ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ» አልኩ እንባዬን እየዋጥኩ።

ጥበቃው ግራ ተጋብቶ አየኝ። ሽኩር ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እስቲ ድገሚው።»

«ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ።»

«ያ አላህ!» ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሐዲድ ላይ የሚሄደው አይደለም! የእህል ባቡር ነው! ወፍጮ!»

«ምን?»

«እኛ ገጠር ወፍጮውን ባቡር ነው የምንለው! እናቴ ‹እህሉን ባቡር ቤት አድርስ› ስትለኝ ነው ያደግኩት። ሰውየው ወፍጮ ቤት ሆኖ ነው የደወለው!»

የእኔም ቤተሰቦች እኮ እንደዚያ ነበር የሚሉት፤ በአማርኛውም በኦሮምኛውም ባቡር ነበር። ከተማው መጥቶ እርሻችንን ሲውጥ ቃሉም አብሮ ከአፌ ጠፋ። ትዕግስትም ስንት ጊዜ «ማዶ ወፍጮ ቤት አለ፤ እዚያ ውኃ ይሰጡኛል» ብላኛለች። ያን ሁሉ መንገድ ልጄን በሌለችበት ስፈልጋት ነበር።

ወደ ድልድዩ ስንበር ሽኩር አምቡላንስ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበርና እኔም ሰማሁ።

«መኪና ይገባል?» አለው ስልኩን ያነሳው ሰው።

«ድልድዩ ድረስ ይገባል። ከዚያ ወዲያ አይገባም።»

«እንግዲያው ድልድዩ ድረስ አምጧት።»

ባጃጁም ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ፤ እኔ መኪና አለመምጣቱን ስጠብቅ የዋልኩበት ድንጋይ አጠገብ። ባለ ባጃጁ «ከዚህ በላይ አልችልም እናቴ» አለኝ፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

ወንዙን እንዴት እንደተሻገርኩ ሽኩር ይወቅ። ማዶ ወጥቼ ያንን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጥኩት። ልክ እንደነገረችኝ ነው። ተራራው ፊት ለፊት፣ ወንዙ በጎን፣ ጤፉ ግራና ቀኝ፣ ከኋላ ምንም ድምፅ የለም። ጠጠሩ በሸበጤ ሥር ይወጋኛል። የራሴ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ልጄ የወደደችው ጸጥታ ይህ ነው፤ ያን ቀን ለእኔ የመቃብር ሥፍራ ጸጥታ ሆነብኝ።

አንድ ቁልቁለት አለ። ዝናቡ ጠጠሩን ጠርጎ መንገዱን ለሁለት ሰንጥቆታል። ከሥሩ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ብስክሌቱ ተደግፎ ቆሟል። አንድ ሰው ከወደቀበት አንስቶ፣ በጥንቃቄ አስደግፎታል።

ያ ብስክሌት እንደዚያ ተደግፎ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። መንገዱ መሀል ተቀመጥኩ።

«ተነሺ» አለኝ ሽኩር። «ስሚ። እየፈጨ ነው። ስሚው!»

እውነትም ከጉብታው ጀርባ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። ተነሳሁ። ደርሰን በሩ ሲታየን ጩኸቱ ቀጥ አለ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጆንያዎች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ በዚያ ወፍጮ ተራ የሚይዘው ጆንያው ነው፣ ባለቤቱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ያን ሰዓት ግን ሰዉ ሁሉ በሩን ከቧል። ሲያዩኝ ማንነቴን ማንም አልጠየቀኝም፤ ለሁለት ተከፍለው አሳለፉኝ።

ልጄ መሬት ላይ፣ ጋቢ ላይ ተኝታለች። ፊቷ ነጭ ነው። ሽፋሽፍቷ ነጭ። ፀጉሯ፣ እጇ፣ ከንፈሯ ነጭ። ገንዘው ያስቀመጡልኝ መሰለኝ። ጮህኩ።

«አትጩሂ ልጄ፣ ዱቄት ነው!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ፤ በስልክ የሰማሁት ድምፅ። ኦቦ ቶላ ይባላሉ፤ የወፍጮው ባለቤት ናቸው። «ፀሐዩ እንዳይመታት ወደ ውስጥ አስገብተን ሰው እስኪመጣ ጠበቅን፤ እዚህ ገብቶ ነጭ የማይሆን የለም። ይኸው እይ!» የልብሳቸውን ጫፍ ይዘው ግንባሯን ጠረጉ። ከሥሩ ጠይሙ የልጄ ግንባር ወጣ። ጉንጯን ጠረጉ። አፏን ጠረጉ።

ከንፈሯ ግን ተጠርጎም ነጭ ነበር።

ዓይኗን ገለጠች። «እማ… አስፋልት ላይ አይደለም እኮ የወደቅኩት።»

«አውቃለሁ የኔ እናት። አውቃለሁ። የቱ ጋ ነው ያመመሽ?»

«መሪው ሆዴን ወጋኝ። በረደኝ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ በረደኝ ትላለች። ሽኩር ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አምቡላንሱ ድልድዩ ጋ ይመጣል። በምን እናድርሳት?»

«በአህያ ጋሪ» አለ አንዱ።

«ይንጣታል! ሆዷን ነው እኮ!» አለች ጫልቱ የምትባል ረጅም ሴት። ቀድማም የራሷን ጆንያ ፈትታ ጤፏን ሸራ ላይ ገልብጣዋለች። ሌላ ሰው ሁለተኛ ጆንያ አመጣ። የጆንያዎቹን የታች ማዕዘን ቆረጡ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት አሾለኩበት፣ ጋቢ ደረቡበት። ቃሬዛ ሆነ። አንድም ሰው «እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ ያዝ» ሲል አልሰማሁም። እጃቸው ያውቀዋል።

ስምንት ሆነው አነሷት። ጆንያዎቹ ተራቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ፤ ሰዉ ሁሉ ከእኛ ጋር ወጣ። እየሮጡ አይደለም፣ እየተራመዱም አይደለም፤ በመሀል ያለ አካሄድ አላቸው፣ ቃሬዛው የማይወዛወዝበት። አንዱ ሲደክም ሌላው ሳያስቆም ትከሻውን ያስገባል።

«አንተ ነጋዴ!» አለች ጫልቱ ሽኩርን። «ሚዛን ብቻ ነው የምትይዘው? ና ትከሻህን አምጣ!»

«መጣሁ! ወላሂ ከኩንታል ስኳር ትቀላለች» አለ ከሥር እየገባ። ልጄ ከንፈሯን ለመሳቅ ስትሞክር አየኋት።

እኔ እጇን ይዤ በጎን እሄዳለሁ፤ ጫልቱ ከአጠገቤ ተሸክማለች። ዝም ማለት አስፈራኝና ጠየቅኳት። «እንዲህ መሸከም ከየት ለመዳችሁት?»

«ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ምጥ የያዛትን ሁሉ የምናወጣት እንዲህ ነው።»

«ሁሉም ይደርሳሉ?»

«እህቴ አልደረሰችም» አለች። ትከሻዋም እርምጃዋም አልተዛነፈም።

በየማታው የምለው ጸሎት ትዝ አለኝ። እህቷን በዚያ መንገድ ያጣች ሴት፣ ድልድዩ እንዳይሠራ የጸለይኩላትን ልጅ በትከሻዋ ተሸክማለች።

ወንዙ ጋ አምቡላንሱ ማዶ ቆሞ አየነው። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ በሰልፍ ቆሙ፤ ቃሬዛውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አቀባበሉት። አንዱ ድንጋይ ሲያንሸራትተው ቃሬዛው አዘነበለ፤ ኦቦ ቶላ ከነልብሳቸው ገብተው በደረታቸው ደገፉት። እኔ ከኋላ፣ እጄ ባዶ ሆኖ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው አፌን ከፍቼ «አቦዬ፣ ይህን ድልድይ አሠራው! አሠራው!» ያልኩት። ጮክ ብዬ። ጫልቱ ዞር ብላ አየችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰዷት። ጣፊያዋ ተሰንጥቆ ሆዷ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ወጥቶ «ተርፋለች» ሲለኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። «ሳያንገላቱ ላመጧት ሰዎች ነው ይህ የሚገባው» አለኝ።

በማግስቱ ኦቦ ቶላ ሊጠይቋት መጡ። እጃቸውን ስሜ «አባባ፣ እኔ እኮ ባቡር ሲሉኝ ሐዲዱ ጋ ሄጄ ነው የዘገየሁት» አልኳቸው።

«ሐዲድ?» አሉ። «ሐዲድ ላይ እህል ይፈጫል እንዴ? የልጅቷ ስልክ ስትወድቅ ተሰብሯል፤ ቁጥርሽን ነግራኝ ስደውል ባትሪዬ አለቀብኝ እንጂ ደግሜ እነግርሽ ነበር።» ትዕግስት ስፌቷን ይዛ ስትስቅ ነርሷ መጥታ ተቆጣችን።

ልጄ ዛሬ ድናለች። ወራት አልፎ ሐኪሙ ሲፈቅድላት ብስክሌቱን ይዛ ፊቴ ቆመች። እኔ ነኝ «የት ልትነጂ ነው?» ያልኳት።

«እዚያው።»

እናንተ እናቶች ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር ይገባኛል። እኔም ማታውን አልተኛሁም። መኪና ስለሌለ ብቻ ያ መንገድ ደህና የመሰለኝ፣ ፍርሃቴ አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ባሌን የገደለውን እያየሁ ሌላውን ሁሉ አላየሁም፤ ማዶ ያሉትን ሰዎችም አላየሁም። አሁን «ሂጂ» የምላት እነሱን ስላወቅኩ ነው። እህሌንም የማስፈጨው እዚያ ነው፤ ጆንያዬን ተራ አስይዤ ከጫልቱ ጋር ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። አሁንም ማታ ማታ ድልድዩ እንዲሠራ እጸልያለሁ። ሲሠራ መኪና ይገባል፤ ያን ጊዜ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እፈራለሁ፤ ፍርሃቴ አልተወኝም። ግን በእኔ ፍርሃት ምክንያት ሌላ እናት ወንዝ ዳር እንድትቀር አልለምንም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትዕግስት ከወጣች በኋላ የመዘንኩትን ሽንኩርት ደግሜ እመዝናለሁ። ከዚያ ስልኬ ይጮሃል። አነሳዋለሁ። ከኋላ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል።

«ባቡሩን አለፈች» ይሉኛል ኦቦ ቶላ፣ ሒሳብ እንዳይቆጥርባቸው ወዲያው ይዘጉታል።

«አለፈች?» ይላል ሽኩር ከሱቁ ውስጥ።

«አለፈች» እለዋለሁ፣ ሚዛኑንም አነሳለሁ።